ልብ እስኪፈቅድ መጠበቅ

ሰው አንድ በጎ ሥራ ለመጀመር ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ ልቡን ይጠይቃል። ልቡ «እሺ» ያለው እንደ ሆነ ይነሣል፤ «ዛሬስ ይቅር» ያለው እንደ ሆነ ተመልሶ ይተኛል። ትጋት ማለት ልብ ሲፈቅድ የሚመጣ፣ ልብ ሲሰለች የሚሄድ እንግዳ ይመስለዋል። እኔም አርባ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ እንዲሁ ሲመስለኝ ኖሬአለሁ። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህን ሐሳቤን ያስለወጡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሩጫ ነው፤ ሁለተኛው ልጆቼን በገዛ ቤቴ ማስተማሬ ነው። ሁለቱም በአንድ ዘመን፣ ያውም ኪሴ ባዶ በነበረበት ዘመን ስለ ደረሱብኝ፣ አንዱን ከአንዱ ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላም ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ ታዘዘ። እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አገር ጐብኚዎችን በሚያስተናግድ አንድ አነስተኛ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርሁ። ጐብኚ በሌለበት የሚሠራ ሒሳብ የለምና በሚያዝያ ደመወዜ በግማሽ ተቀነሰ፤ በሰኔ ጨርሶ ቀረ። ባለቤቴ ግን በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ስለ ሆነች የእርሷ ሥራ እንዲያውም በዛ። ስለዚህ ቤት የሚውለው አባት ሆነ። አራተኛ ክፍል ለነበረችው ሴት ልጄና አንደኛ ክፍልን ላጋመሰው ታናሽ ወንድሟ መምህር የምሆነው እኔው ነበርሁ።

ልጆቹ ይማሩበት የነበረው የግል ትምህርት ቤት የመልመጃ ወረቀት በቴሌግራም ይልክልን ነበር። ነገር ግን ወረቀቱን ለማውረድ ካርድ መሙላት፣ ለማሳተም ደግሞ በየገጹ መክፈል ያስፈልጋል። የወር ክፍያውም ቀነስ አለ እንጂ አልቀረም። ሁለት ወር ከከፈልን በኋላ እኔና ባለቤቴ አንድ ማታ ተቀምጠን ብናሰላው፣ ወይ ክፍያው ወይ የወሩ አስቤዛ መሆኑን አየን። ልጆቹንም አስወጣናቸው። በዚህ ትምህርት ቤቱን አላማም፤ መምህራኑም ደመወዝ የሚጠብቁ፣ ልጆች ያሏቸው ሰዎች ነበሩ።

ስለ ሩጫዬም ጥቂት ልናገር። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሐኪም ስለ ደም ግፊቴ አስጠንቅቆኝ ስለ ነበር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ ከሠፈር ሰዎች ጋር ጃንሜዳ እሮጥ ነበር። በየዓመቱ በሚደረገው በታላቁ ሩጫም 10 ኪሎ ሜትሩን ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ። በዚህም እኮራ ነበር፤ ሰነፍ ሰው ባየሁ ቍጥር ምክር ለመስጠት አልቦዝንም ነበር። መጋቢት 30 ቀን ግን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀና ብዙ ሆኖ አንድ ላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ጃንሜዳ ራሱ፣ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ስለ ተዛወረ፣ የሽንኵርትና የቲማቲም ሜዳ ሆነ። ጓደኞቼ ቀሩ፤ ሜዳው ቀረ፤ ትጋቴም አብሮ ቀረ። የእኔ ነው ስለው የነበረው ትጋት፣ ለካ ግማሹ በሌሊት በሬን የሚያንኳኳው የጐረቤቴ ኖሯል።

መምህርነቱን በጀመርሁ ሳምንት የነበረኝ ግለት ሌላ ነበር። የግቢያችንን የብረት በር በውስጥ በኩል ጥቁር ቀለም ቀብቼ ሰሌዳ አደረግሁት። አንድ ባኮ ጠመኔ ገዛሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ስምንት ዓይነት ትምህርት የያዘ መርሐ ግብር አውጥቼ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ በግድግዳ ላይ ለጠፍሁ። ባለቤቴ አይታ «ይህን ሁሉ እንኳን አንተ ሚኒስቴሩም አያስተምር» አለችኝ። በዚያው ሰሞን ብቻዬን እስከ እንጦጦ ማርያም ዳገቱን ሮጬ ለመውጣት ተነሣሁ። ቤታችን ከእንጦጦ ግርጌ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ከግማሽ መንገድ በላይ አልሄድሁም። ጕልበቴን ይዤ እያነከስሁ ስወርድ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች አልፈውኝ ወረዱ። የአንዷ ሸክም ከራሷ ቁመት ይበልጥ ነበር። እነዚያ ሴቶች በየማለዳው ልባቸውን «ትፈቅዳለህ ወይ?» ብለው እንደማይጠይቁ ዐውቃለሁ። ይህንንም ትጋት ብዬ ላመሰግን አፍራለሁ፤ እነርሱን የሚያስነሣቸው የልጆቻቸው ሆድ ነውና። ብቻ ሩጫዬን እንደ ታላቅ ገድል መቍጠሬን ከዚያች ቀን ወዲህ ትቻለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መርሐ ግብሩ ግማሹ ተረሳ። በአምስተኛው ሳምንት ወረቀቱ ከግድግዳው ተልጦ ወደቀ፤ የሚያነሣውም አልነበረም።

አሁን የምነግራችሁ ለመናገር የሚያሳፍረኝን ነው። በግንቦት አንድ ማክሰኞ ለልጄ 936ን ለ12 እንድታካፍል ሰጠኋት። ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስት ጊዜ ተሳሳተች። እኔ በዚያን ዕለት የግማሽ ደመወዜን ወረቀት አይቼ የመጣሁ ነበርሁ። «ይህን እንኳ አታውቂም? ያ ሁሉ ብር የተከፈለው ለምንሽ ነው?» አልኋት። ልጄ አላለቀሰችም። ጠመኔውን ከበሩ ሥር በቀስታ አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች። በማግስቱ «አባዬ፣ ሆዴን አሞኛል» አለች። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እኔም በበኩሌ ማለዳ ስነቃ ጕልበቴን እየዳበስሁ «ዛሬም አልተሻለውም» እል ነበር፤ ጕልበቴ ግን ከዳነ ሰንብቷል። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ከአዳር ሥራ ስትመለስ ሁለታችንንም ተኝተን አገኘችን። «እሷ ሆዷን፣ አንተ ጕልበትህን፤ እኔስ ከበሽተኛ ቤት ወደ በሽተኛ ቤት ነው የመጣሁት» አለች።

ከአጥራችን ማዶ አንድ ሽማግሌ ጐረቤት አሉን። በወጣትነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ስለ ሆነ ሠፈሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። በሽታው አረጋውያንን ይበልጥ ስለሚጐዳ በዚያ ወራት ከግቢያቸው አይወጡም ነበር። ሆኖም ታናሹን ልጄን በአጥሩ በኩል ንባብ ያስለምዱት ጀመር፤ እርሱ ወዲህ ቆሞ፣ እርሳቸው ወዲያ ዱካ ላይ ተቀምጠው። የእርሳቸው አስተማር የጥንቱ ነው። አንዱን ቃል በመጀመሪያ በቍጥር ያስነብቡታል፤ ይኸውም እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው እየጠሩ ማለፍ ነው። ከዚያ በግእዝ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቍም ንባብ፤ ይኸውም ሳይደናቀፉ አሳምሮ ማንበብ ነው። ልጁ ያንኑ አንድ መስመር ስንት ቀን ይመላለስበታል።

አንድ ቀን ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ጠጋ ብዬ «የኔታ፣ ታናሹስ ከእርስዎ ጋር ደኅና ነው። ትልቋም እኔም ግን ሰነፍን። ልባችን አልፈቅድ አለ» ብዬ አጫወትኋቸው።

«ልጄ፣ በመጀመሪያው ቀን ቍም ንባብ የሚያስነብብ መምህር አይተህ ታውቃለህ?»

«የለም፣ የኔታ።»

«ታዲያ አንተ ለልጅቷም ለእግርህም ቍም ንባቡን አሸክመህ፣ ልባችን አልፈቅድ አለ ትላለህ?» ጥቂት ቈይተውም «ደግሞስ ልብ በማለዳ ይጠየቃል? በማለዳ ማን ደግ ቃል ይናገራል! እኛ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ስንሄድ ‹ደስ ብሏችኋል ወይ› ያለን የለም» አሉ።

«አርጩሜው ነበራ!» አልኋቸው።

ሣቁ። «እርሱን ተወው። አርጩሜ ያባረረው እንጂ ያስተማረው አላየሁም። ያስተማረን መመላለሱ ነው።»

ይህን ቃል ይዤ ገባሁ። ስለ ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ ሁላችንም የምንሰማውን አስታወስሁ። በአርሲ በልጅነቱ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለ ነበር ጠዋት እየሮጠ ይሄድ፣ ማታ እየሮጠ ይመለስ ነበር፤ ደብተሩን በክንዱ ይዞ መሮጡ ታላቅ ሯጭ ከሆነ በኋላም በግራ እጁ አያያዝ ይታወቅበት ነበር። ይህን ታሪክ ለልጆቼ ስንት ጊዜ ነግሬአለሁ፤ ሁልጊዜም ስለ ጽናቱ ነው። አሁን ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ያ ሕፃን በየማለዳው «ልሩጥ ወይስ አልሩጥ?» ብሎ አልተማከረም፤ ደወሉ ሊደወል ነው፤ መንገዱም ረጅም ነው፤ አለቀ። እኔና ልጄ ግን በየማለዳው ሸንጎ እየተቀመጥን ከራሳችን ጋር ስንሟገት፣ ዘወትር የሚረታው አልጋው ነበር።

በማግስቱ ልጄን ከወንድሟ ፊት ጠርቼ ስለ ብሩ የተናገርሁት ክፉ ቃል እንደ ነበረ፣ ጥፋቱም የእኔ እንጂ የእርሷ እንዳልሆነ ነገርኋት። አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቁ በእኛ ዘንድ እምብዛም የተለመደ አይደለም፤ ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ላብ አጠመቀኝ። እርሷ ዝም ብላ ጣቶቿን ታይ ነበር። ቀጥዬ «ነገ ጠዋት ከበራችን ፊት ልሮጥ ነው፤ ዙር የሚቈጥርልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አልኋት። ለዚህም መልስ አልሰጠችኝም።

ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ወጣሁ። ከበራችን ፊት ያለው የኮብልስቶን መንገድ አጭር ነው። አንዱን ዙር ሄጄ ስመለስ ልጄ የእናቷን ጋቢ ተከናንባ፣ ጠመኔ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አንድ መስመር አሰመረች። አራት ዙር ብቻ ሮጥሁ፤ ያውም የሚያየኝ ሰው መራመድ ነው እስኪል በዝግታ። «በቃ?» አለችኝ። «በቃ፤ ዛሬ ቍጥር ነው፣ ቍም ንባብ አይደለም» አልኋት። ወንድሟ ከውስጥ ሰምቶ ሣቀ፤ እርሷም ፈገግ አለች።

ከዚያ ወዲያ ሕጋችን እንዲህ ሆነ። በሩ በ12 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ «ዛሬ ደስ ብሎሻል ወይ? ዛሬ ደስ ብሎሃል ወይ?» የሚባል ጥያቄ ግን ከዙሩ በፊት አይጠየቅም። ከዙሩ በኋላ ጠያቂውም ተጠያቂውም ይረሳዋል። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህን በገዛ ሰውነቴ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ልቤ አልጋዬ ላይ ሳለሁ አንድም ቀን ፈቅዶልኝ አያውቅም፤ የሚፈቅደው ሦስተኛው ዙር ገደማ ነው። በትምህርቱም እንደዚያው ነበር። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ልጆቹ ይነጫነጫሉ፤ እርሳስ ይጠፋል፤ ውኃ ይጠማል። ያንን ሩብ ሰዓት ሳይቈጡ ያሳለፉት እንደ ሆነ ቀሪው በገዛ እግሩ ይሄዳል። እኔ ቀድሞ በዚያች ሩብ ሰዓት ላይ ነበር ቍጣዬን ሁሉ የምጨርሰው።

መንገዱን በልብስ መስጫ ገመድ ለካነው። ገመዱ 20 ሜትር ነው፤ መንገዱ አሥር ገመድ ሆነ። እንግዲህ ሄዶ መመለሱ 400 ሜትር፣ ይኸውም እንደ ስታዲየም አንድ ዙር መሆኑ ነው። ይህንን ያወቀችው እርሷ ናት፤ እኔ ቈጥሬ አልነገርኋትም። ዙሩን በየሳምንቱ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት እየጨመርን በሰኔ መጨረሻ 12 ደረስን። በዚያ ቀን 33 ደቂቃ ፈጀብኝ። ላቤን እየጠረግሁ ስገባ ልጄ በሩ ላይ ተደፍታ ትጽፋለች። 33ን በ60 አባዝታ 1,980 ሰከንድ አደረገችው፤ ከዚያ ያንን 12 አመጣችና ታካፍል ጀመር። ትንፋሼን ይዤ ከኋላዋ ቆምሁ። አንድ ጊዜ ተሳሳተች፤ በጋቢው ጫፍ አጠፋችው፤ እንደገና ሠራችው። 165 ወጣ። «አንዱን ዙር በሁለት ደቂቃ ከአርባ አምስት ሰከንድ ነው የሮጥኸው» አለችኝ። ስለ 936 አንዳችን እንኳ አላነሣንም።

ከዚህ በኋላ ስምንቱን ዓይነት ትምህርት ትቼ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ አስተምር ነበር፤ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ከዚያም በሬዲዮ የሚተላለፈውን ትምህርት ማዳመጥ። ወጪያችን ጠመኔና እርሳስ ነበር። ወረቀቱ ከመሥሪያ ቤቴ የተጣለ፣ አንድ ወገኑ ንጹሕ የሆነ የድሮ ሰነድ ነው። የሒሳቡን ጥያቄ ከጃንሜዳ ነበር የማመጣው። ቀድሞ ስሮጥበት በነበረው ሜዳ ሽንኵርት ልገዛ ስሄድ ዋጋውን ሁሉ በልቤ ይዤ እመለስና፣ «በ100 ብር ሦስት ኪሎ ሽንኵርት በ18፣ ሁለት ኪሎ ድንች በ13 ብገዛ ለቲማቲም ስንት ይተርፈኛል?» እላቸዋለሁ። የሐሰት ጥያቄ አይደለም፤ መልሱ ማታ ወጥ ውስጥ ይታያል። ጫማዬም ሶሉ ተላቆ ነበር፤ አዲስ መግዛት የማይታሰብ ስለ ሆነ ጫማ ሰፊው ሁለት ጊዜ ሰፋልኝ፤ ሦስተኛውን «ከዚህ በላይስ ጫማው ራሱ አይፈቅድም» ብሎ መለሰኝ። ከወንድሜ ያረጀ ጫማ ተቀብዬ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጐስሬ ሮጥሁ።

ሁሉም ቀን መልካም ነበር ብላችሁ ግን እዋሻችኋለሁ። በሐምሌ ዝናቡ ሲበረታ ኮብልስቶኑ እንደ ሳሙና ያንሸራትት ነበር፤ አንድ ሳምንት ሙሉ አልሮጥሁም። ታናሹም ትምህርቱን ሰልችቶ ጠመኔውን በእግሩ ያደቀቀበት ቀን አለ። እኔም ቈጥቼዋለሁ። በእንዲህ ያለው ቀን የምናደርገው ትንሽ ነገር ነበር፤ በሰዓቱ በሩን ከፍተን፣ ዝናቡን አይተን፣ ከቀኑ በታች ዜሮ ጽፈን እንገባለን። ዜሮውን መጻፉ ለምን እንደ ጠቀመን እስካሁን አጥርቼ ማስረዳት አልችልም። ምናልባት ያላየ ሰው ቀኑን ይረሳል፤ የጻፈ ሰው ግን ነገ ደግሞ መጻፉ ስለማይቀርለት ይሆናል።

በነሐሴ መጨረሻ 12ቱን ዙር በ30 ደቂቃ ጨረስሁ። ጳጉሜን 5 ቀን፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ልጆቹን ስለ አበበ ቢቂላ አስተማርኋቸው። የክቡር ዘበኛው ወታደር በሮም ጐዳና ባዶ እግሩን ሮጦ የማራቶንን ድል ያገኘው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበርና፣ ቀኑ ልክ 60 ዓመት ሞልቶት ነበር። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ መንገዱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ልጄ ይህን በእኛ መንገድ ካላሰላሁ አለች። እኔም እያገዝኋት ከ105 ዙር በላይ ሆነ፤ አንዱ ዙር ወደ 77 ሰከንድ ገደማ መጣ። የእኔ 150 ነው። ጠመኔውን እንደ ያዘች ወደ እኔ ዞራ «አባዬ፣ አበበ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንተ ገና አንድ ጊዜ ነህ ማለት ነው» አለች። ታናሹም «ያውም ባዶ እግሩን!» ብሎ ጨመረበት። አበበንም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያሠለጥኑት እንደ ነበር፣ እርሱም ሰዓት የሚይዝለት ሰው እንደ ነበረው ነገርኋቸው። ልጄ ይህ ደስ አላት መሰለኝ፣ «እንደ እኔ» አለች።

በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንደገና ተከፈቱ። ልጆቹን በሠፈራችን ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አስመዘገብናቸው። በመጀመሪያው ቀን በጊዜ ለመድረስ ሁለቱም ቸኵለው ስለ ወጡ በበሩ ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። በዚያን ሰዓት ለመሮጥ ምንም ፍላጎት አልነበረኝም፤ ሥራም ገና አላገኘሁም፤ ቤቱ ጭር ብሏል። በሩን ስዘጋ ሰሌዳው ላይ ልጄ ሳትሄድ የጻፈችውን አየሁ። 12 የሚል ቍጥር፣ ከጎኑ ለደቂቃው የተተወ ባዶ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ሥርም የማካፈያው ምልክት ነበር።

ወጥቼ ሮጥሁ። ስመለስ በሳጥኑ ውስጥ 31 ብዬ ጻፍሁ። ማታ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ጠመኔውን አንሥታ ከሥሩ 155 ብላ ጻፈችበት።